የአዋላጇ አፍንጫ

ጥር 6
ትከሻዋ ወጥቷል። እጆቿም። ፊቷ ገና አላለቀም። የሆስፒታሉ ኮሚቴ ያዘዘኝ ሐውልት... አርባ ዓመት የከተማውን ልጅ ስትቀበል ኖራ ባለፈው ዓመት የሞተችው አዋላጅ። አቧራ ስውጥ ዋልኩ። ምሳ መብላቴን እንጃ።

ጥር 9
የኮሚቴው ሊቀመንበር መጣ። አቧራ እንዳይነካበት ከረባቱን በእጁ ይዞ። ዞራት፣ ዞራት...
"አፍንጫዋ ተጣመመብዎት?"
"አልተጣመመብኝም። ጠማማ ነበር።"
"እሱማ አውቃለሁ፤ እኔንም የተቀበለችኝ እሷ ናት። ግን ለሕዝብ የሚታይ ነገር ነው። ትንሽ ቢያምር ምን አለበት?"
"ያምራል እኮ።"
"የቱ ላይ?"
መሮዬን አነሳሁ። ገባውና ወጣ።

ጥር 10
ንዴቱ አለቀቀኝም። በመስኮቴ የሚታየው ዋርካ አንድ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ የለውም። ንፋስ ጎትቶታል፣ መጋዝ ቆርጦታል፤ እሱም በተቆረጠበት በኩል አብጦ ማደጉን ቀጥሏል። ሰው ሁሉ ሥሩ ቆሞ "እንዴት ያምራል!" ይላል። ለዛፍ የተፈቀደው ለሴት ሲሆን ለምን ይከለከላል?

ጥር 14
ደብዳቤ። "አፍንጫው በአሥር ቀን ውስጥ ካልተስተካከለ ውሉ ይፈርሳል።" ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል።
ይፍረስ!
ከራሴስ ልደብቅ? አፍንጫዋን የሰበርኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ፣ በተረከዜ። ደሟን በክንዷ ጠርጋ "ግፊ!" አለችኝ። የሳቀችው ልጁ ከወጣ በኋላ ነው። "ዛሬ ሦስት ነገር ተወለደ፤ ልጅ፣ እናት፣ አዲስ አፍንጫ።"
ሃያ ስድስት ዓመት... አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አልጠየቅኳትም። አሁን ደግሞ በመሮ ላቅናው? እንዳልነበረ?

ጥር 19
የአዋላጇ ልጅ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀሚሷ ላይ ክር ተለጥፏል። ሊቀመንበሩ ልኳት ይሆን ብዬ ፊቴን አጠቆርኩባት። አላስቻለኝም፣ የእርግጫውን ነገር ባንድ ትንፋሽ ነገርኳት።
"አውቃለሁ፣ እትዬ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስትስቅበት ነው የኖረችው።"
የሐውልቱን ፊት በመዳፏ ዳሰሰችው።
"አፍንጫው ራሷ ናት። አፏ ግን... የእማዬ አይደለም።"
"ምን ሆነ?"
"አዝኗል። እማዬ ሲደክማት አይቻለሁ፤ እንዲህ አዝና ግን አላየኋትም። ይሄ ኀዘን የማን ነው?"


ጥር 20
የእኔ ነው። የራሴን ጥፋት አፏ ላይ ጠርቤዋለሁ። ሊቀመንበሩ ሊያሳምራት፣ እኔ ላሳዝናት... እሷን ማን ጠየቃት?
ጭቃ ቢሆን ይለጠፋል። ድንጋይ ግን አንዴ ከተቀነሰ አለቀ። ከንፈሯ ላይ የቀረኝ ድንጋይ የጥፍር ያህል ነው። እጄ ከሳተ ፊቷ የለም።

ጥር 22
መታሁ። በስሱ፣ ትንፋሼን ይዤ። የከንፈሯ ግራ ጫፍ ብድግ አለ። ሳቅ አይደለም... ልትስቅ ያለች ሴት።
አፍንጫዋን አልነካሁትም።

ጥር 25
ሊቀመንበሩ ደወለ።
"አስተካከሉት?"
"አዎ። አፏን።"
"አፍንጫውስ?"
"እንዳለ ነው።"
"እንግዲያው ውሉ ፈርሷል።"
"ደህና ይዋሉ።"
ስልኩን ዘግቼ መሮዬን ጠረግኩ። 

የካቲት 3
የሆስፒታሉ አዋላጆች መጡ። ሰባት ሴቶች፣ የጭነት መኪና ይዘው። ልብስ ሰፊዋ ነግራቸው ኖሯል።
"እናታችንን ልንወስድ ነው" አለች በዕድሜ ትልቋ።
"ኮሚቴውስ?"
"ኮሚቴው አምጦ ያውቃል?"
በሳቅ ፈረስን። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለውን የአበባ ቦታ ኮሚቴው ከለከላቸው። እነሱም ከጀርባ፣ ማዋለጃው በር አጠገብ፣ አንሶላ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር አቆሟት።

የካቲት 17
ላያት ሄድኩ። ምጥ የያዛት ወጣት ሴት ግቢውን ትዞር ነበር። ሲጠናባት ድንጋዩን አቅፋ ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣለች። እኔን ልብ አላለችኝም። ሲለቃት ደግሞ መንገዷን ቀጠለች።
የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ይዛ መጣች። "የሚያምጡት በላብና በእጃቸው አጠቆሩት እኮ፣ እትዬ። በሳሙና ልፈግፍገው?"
ድሮ ቢሆን ሥራዬ ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው አልወድም ነበር።
"ተይው" አልኳት። "ይጥቆር።"