ላባን መጣል

ጥር 8

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ከሆስፒታል ወጣች። ዳሌዋ በብሎን ተያይዟል። በከዘራ ትሄዳለች፤ ሐኪሙ ደረጃ ከልክሏታል። የልጇ ሚስት ከነሁለት ሕፃኖቿ መጥታ ወጥ ቤቱን ይዛዋለች። ጎረቤቴ ዳሌዋን ትታ «ከመጣች ጀምሮ ጨው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም» ትለኛለች። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ትንሹ ሕፃን ጥርስ እያወጣ ነው፣ ሲነጫነጭ ይውላል። ልጇ ራሱ አልመጣም፤ ሥራ በዛብኝ ይላል። ሥራ ያልበዛበት ማን አለ?

ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ። «እውነት ነው የሚሉት? ትደባደቢያለሽ አሉ።»

«ፊልም ነው» አልኳት።

«ፊልምም ቢሆን ትደባደቢያለሽ።»

እኔም ገና አልለመድኩትም። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ርጥብ አንሶላ ስሸከም ኖሬ፣ አንድ ቀን አንድ ዳይሬክተር ምድር ቤቱን ለቀረጻ ሊያይ መጣ። ጥቅሉን ትከሻዬ ላይ ወርውሬ ሳወጣ አየኝና ቆመ። የሴቶች ሬስሊንግ፣ የመድረክ ትግል ፊልም ነው፤ ሰው እየሳቀ የሚያለቅስበት ዓይነት ይላል እሱ። እኔ ክፉዋ ነኝ። ስሜ መዶሻ። ጥሩዋ ላባ ትባላለች፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከሪንግ ውጭም ሁሉም ላባ ነው የሚላት። ስንለማመድ ሦስት ሳምንት ሆነን። መጨረሻው ላይ ትከሻዬ ላይ አንስቼ እጥላታለሁ። እስካሁን ያነሳኋት እስከ ወገቤ ነው። ሙሉውን ከነገ ወዲያ።

ልጄ «ፖስተሩ ላይ ፊትሽ እንዳይወጣ ንገሪያቸው» አለች። ክፉ ሰው ፖስተር ላይ ቦታ የለውም አልኳት። ተረጋጋች።

ጥር 9

አርባ ጊዜ ወደቅኩ። አሰልጣኟ ናት የቆጠረችው። ድሮ ራሷ ሬስለር ነበረች፤ ድምጿ አሸዋ የበላ ይመስላል። አገጭ ደረት ላይ፣ ጀርባ በሙሉ፣ በሁለት እጅ ወለሉን መምታት። ድምፁ ያስፈራል እንጂ ከሥሩ ጣውላና ስፖንጅ ነው። ቢሆንም ጀርባዬ ዛሬ የሌላ ሰው ነው።

መውደቁስ እሺ። የሚያስፈራኝ ማንሳቱ ነው።

«ያነሳሻት ልጅ አንገት ያንቺ ነው» ትላለች አሰልጣኟ። «መሬት እስክትነካ ድረስ ያንቺ ነው።»

ላባ ከመነሳቷ በፊት የእጄን አንጓ ትጨብጣለች። አንዴ ከሆነ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ አቁሚ። ከአንዱ ጭብጥ በኋላ ግን ሐሳብ መቀየር የለም። ጩኸቷን አትስሚ፣ ፊቷን አትዪ፤ መጮህም ፊት ማጨማደድም ደመወዝ የሚከፈላት ሥራ ነው።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው...

ጥር 10

ጣልኳት። አይ፣ ጥያት ቢሆን ጥሩ ነበር።

አንዴ ጨበጠችኝ። አነሳኋት። ቀላል ናት፣ ከአንሶላ ጥቅል ትቀላለች። ልወረውራት ስዞር ጮኸች። እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። ልጄ ሕፃን ሳለች ከአልጋ የወደቀች ዕለት የጮኸችው ጩኸት ነው... ቀስ ብዬ ላውርዳት አልኩ። እጄን ያዝ አደረግኩት። እሷ ግን አየር ላይ ተገልብጣለች፣ ለፍጥነቱ ተዘጋጅታለች፤ ፍጥነቱ የለም። በአንገቷና በትከሻዋ ወረደች።

መብራት የሚይዘው ሰውዬ አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉት። ትወና መስሏቸው ነው። እሷ አፏን ከፍታለች፣ ድምፅ አይወጣትም። አሰልጣኟ ክንዶቿን አጣምራ ወደ ላይ ስታነሳ ነው ጭብጨባው የቆመው። የእውነት ጉዳት አለ ማለት ነው።

በመኪና ወሰዷት። ልከተል ስል አሰልጣኟ «አንቺ ቅሪ» አለችኝ።



ጥር 11

አልተሰበረችም። ተመስገን። የአንገቷ ጅማት ተጎትቷል፤ መደገፊያ አድርገውላታል። አሥራ ሁለት ቀን እረፍት፣ ከዚያ ምርመራ።

ክሊኒኩ በር ላይ እናቷ ቆማለች። አይታኝ አታውቅም፣ ግን አወቀችኝ። ቁመቴን ነግረዋት ይሆናል።

«መዶሻ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጄን ምን አደረግሻት?»

አዘንኩላት ልል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? የያዝኩትን ብርቱካን እንኳን አልተቀበለችኝም። «አትገቢም» አለች። አልገባሁም። ብርቱካኑን አውቶቡስ ላይ ረሳሁት።

ጥር 12

ሥራ ገባሁ። አጠብኩ፣ አጠፍኩ፣ መጣሁ። ለማንም አላወራሁም... እኔ፣ ያውም እኔ።

ጥር 14

አሰልጣኟ ማጠቢያ ክፍል ድረስ መጣች። ማሽኖቹ ይጮሃሉ፤ የሷ ድምፅ ይበልጣል።

«ለምን አዘገየሽ?»

«አዘንኩላት።»

«ማዘን ከፈለግሽ መሬት ላይ ሳለች እዘኚላት። አየር ላይ ያለ ሰው የሚፈልገው ጉልበትሽን ነው።»

አንድ ነገር የደበቀችኝ መሰለኝ፣ ሻይ ስቀዳላት ወጣ። ዳይሬክተሩ ሌላ ሰው ይዟል። ወንድ ነው። የእኔን ልብስ ለብሶ፣ ዊግ አድርጎ፣ ከኋላ ተቀርጾ ላባን ይጥላል። ፊቱ የእኔ፣ ጀርባው የሱ።

«የሴቶች ፊልም አላላችሁም?» አልኳት።

«ለዳይሬክተሩ ማለት ያለብኝን ብያለሁ። አሁን ወሳኟ ልጅቷ ናት። ካንቺ ትከሻ ላይ እወጣለሁ ካለች ትወጣለች። አልወጣም ካለች ደግሞ አንቺም እኔም አፋችንን እንዘጋለን።»

ልክ ናት። ግን ትወጣ ይሆን? እኔ ብሆን እወጣ ነበር? ... አልወጣም።

ጥር 16

ከሥራ ሰዓት በኋላ ርጥብ አንሶላ በላባ ልክ ጠቀለልኩ። ሃምሳ አራት ኪሎ። ትከሻ ላይ፣ ዞሮ፣ ደረቁ ክምር ላይ። ሠላሳ ጊዜ። ሴቶቹ ጥግ ይዘው ይቆጥሩልኛል። ልብስ የምትተኩሰዋ ጥቅሉ በወደቀ ቁጥር «ውይ አንገቴ» ትላለች፣ ሌሎቹ ይንከተከታሉ። አንዴ እኔም ሳቅኩ።

አለቃችን ብቅ አለ። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«እያደረቅኩ።»

አየኝ፣ ክምሩን አየ፣ በሩን ዘግቶ ሄደ።

አንሶላው ላይ እጄ አይዘገይም። አንሶላ መቼ ይጮሃል?

ጥር 18

ለልጄ ነገርኳት፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ተነሳች። የሷንና የኔን ፍራሽ መሬት ላይ አውርዳ ደረበቻቸው።

«እኔን አንሺኝ።»

«አንቺ ልጅ ተይኝ።»

«እማ፣ አንሺኝ። እጮሃለሁ።»

አነሳኋት። ጮኸች። ይሄው... እጄ ቀጥ አለ። ፍራሹ ላይ እንደ ብርጭቆ አስቀመጥኳት። ተኝታ ሽቅብ አየችኝ።

«እሷንም እንዲህ ነው ያደረግሻት?»

«እንዲህ ነው።»

«ድጋሚ።»

በአራተኛው ነው የወረወርኳት። ፍራሹ አቧራ ተፋ። ጎረቤቴ ግድግዳውን በከዘራዋ መታች። ልጄ ተነስታ ጀርባዋን እያሸች «ይሄኛው አላመመኝም፣ የበፊቶቹ ነበሩ ያመሙኝ» አለች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ ቀና አድርጋኝ አገጬን ደረቴ ላይ ማድረግ እንዳልረሳ ማሳሰብ ጀመረች። ለካ ልምምዱን ሁሉ ከቪዲዮ ስትከታተል ከርማለች። ያቺ ስታፍርብኝ የነበረችው።

ጥር 23

መደገፊያው ወለቀላት። ሐኪሙ ፈቅዷል፤ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ሙሉ ውድቀት ብቻ። አንድ። ቀረጻው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ባለ ዊጉ ሰውዬ ልብሴን እየሞከረ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፣ ሲያየኝ ከወንበር ተነሳ። እግሩን ተላጭቷል። ዚፑ ግን እምቢ ብሎ ጀርባው ላይ ቆሟል፤ ሁለት ሰዎች ይጎትቱለታል። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ ትንፋሼን ዋጥ ሳደርግ ይዘጋል» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ላባ የሪንጉ ገመድ ሥር ተቀምጣለች። ጎኗ ተቀመጥኩ።

«ተቀይመሽኛል?»

«አዎ እትዬ።»

እንዲህ ፊት ለፊት ትለኛለች አላልኩም።

«ስለወደቅኩ አይደለም» አለች። «መውደቅ ሥራዬ ነው። አንዴ ጨበጥኩሽ። እሺ ብለሽ አነሳሽኝ። ከዚያ ሳትነግሪኝ ሐሳብሽን ቀየርሽ።»

«በጣም ጮህሽ...»

«ገና እጮሃለሁ። ያን ቀን ዳይሬክተሩ ጨምሪ ብሎኝ ነበር። ላንቺ የነገረሽ የለም?»

የነገረኝ የለም።

«ብነግርሽስ? አትዘገዪም ነበር?»

ልዋሽ አሰብኩ። «እዘገይ ነበር» አልኳት። «አሁን ግን ልጄን ጥያለሁ።» ነገሩን ነገርኳት። ስለ ግድግዳው ስነግራት ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ አለ፣ መለሰችው።

«እወጣለሁም አልወጣም አላልኩሽም» አለች ስትነሳ። «ጠዋት ነው የምናገረው። የዚያኑ ዕለት ጠዋት።»

ጥር 25

መልስ የለም። ልብሴ ዚፑ ተለውጦ ተሰቅሏል። ሰፊ ሆኗል። ለማን እንደሰፋ መጠየቅ ፈራሁ።

ጥር 26

ጠዋት መልበሻ ክፍል ገባች። ባለ ዊጉ ሰውዬ ልብሱን ይዞ ተቀምጧል። አላየችውም። «እትዬ፣ ልብስሽን ልበሺ» አለችኝና ወጣች። ሰውየው ልብሱን በሁለት እጁ ሰጠኝ። እፎይ ያለው እሱ ነው መሰለኝ።

ልብሱ ሰፋኝ። በመርፌ ቁልፍ ከኋላ ያዙልኝ።

ተመልካች ሆነው የተቀጠሩት መቶ ይሆናሉ። ፊተኛው ረድፍ ላይ እናቷ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። አሰልጣኟ በጆሮዬ «አንድ ውድቀት ነው ያለን» አለች። ይሄንን አሁን መንገር ነበረባት?

ደወል። ተያያዝን። ፀጉሬን ጎተተች፣ ገፋኋት፣ ሰው ይጮህብኛል፣ አንዱ «ባልቴት» አለኝ፣ ዞሬ ጡጫዬን አሳየሁት፣ ሳቁ። ከዚያ አንጓዬ ላይ ጣቶቿ መጡ።

አንዴ። ጠበቅኩ። ሁለተኛው አልመጣም።

አነሳኋት። ዞርኩ። ጮኸች፤ ከያን ቀኑ የባሰ፣ ስሜን እየጠራች፣ የእውነት ስሜን። ማን አስተማራት? እናቷ ከወንበሯ ስትነሳ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ።

ወረወርኳት። በሙሉ ጉልበቴ፣ ምንም ሳላስቀር።

ጣውላው ጮኸ። እሷ ተዘርግታለች። ዳኛው መቁጠር ጀመረ፣ አንድ... በፊልሙ ጽሑፍ ሁለት ላይ ትነሳለች። ሁለት። አልተነሳችም። አዳራሹ ጸጥ አለ። ዓይኗ ተዘግቷል። ልወድቅባት፣ ልነካት፣ ስሟን ልጠራ... አሰልጣኟን አየሁ። ክንዶቿ አልተጣመሩም። ቆምኩ። መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ...

የዳኛው እጅ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወርድ ትከሻዋን አነሳች። ከዚያ እግሬን ጠልፋ ጣለችኝ፣ ላዬ ላይ ተቀመጠች፣ እንደ ተባልነው አሸነፈችኝ። ላዬ ላይ እንዳለች በጆሮዬ «ሦስት ላይ የተነሳሁት ለቅጣት ነው» አለች።

ዳይሬክተሩ «ውብ ነው፣ አንዴ እንድገመው» አለ። አሰልጣኟ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። አልተደገመም።

ጥር 28

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። የላባ እናት። አድራሻውን ከልጇ ተቀብላ ነው የመጣችው። ቤቱ አልተጠረገም፣ ልጄ ፍራሹን መሬት ላይ ትታለች። ሴትየዋ ፍራሹን ዞራ አልፋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሻይ ቀዳሁ።

«ላባ እንዴት ዋለች?» አልኳት።

«ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ታዘኛለች። ደህና ናት ማለት ነው።» ሻይዋን ፉት አለች። «ስትጥያት ፊትሽን ነበር የማየው። እሷን ማየት አልቻልኩም።»

«ምን ነበረው ፊቴ?»

«ምንም። ጨክነሽ ነበር።»

አዎ አልኳት።

«በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቀረጻ አለ ትላለች። ሐኪሙም ሙሉውን ይፈቅዳል አለ። እንደገና ከፍ ብላ ነው አሉ የምትወድቀው።»

«አዎ፣ ከገመዱ ላይ ነው የምቀበላት።»

«ማን ነው የሚያነሳት?»

«እኔ ነኝ።»

ብርጭቆዋን አየች።

«እሺ» አለች። «ስኳር ጨምሪልኝ።»