ዐይኖቼ የነበሩበት ቦታ

ቀጮ፣ መጀመሪያ ካርዱን ገልብጠህ እየው። ፊቱ የእኔ ነው። እህቴ ከመሞቷ በፊት የሠራችው የመጨረሻ ሥዕሏ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ የተነሣው ሥዕሉን እንደጨረሰችው ነው። ሳሎናችን ያለውን የድሮውን የእኔን ሥዕል፣ አንተ "ፍየል አስመሰለችህ" እያልክ የምትስቅበትን፣ ተማሪ ሳለች በብሩሽ ነበር የሣለችው። በኋላ ብሩሹን ጥላ ቀለሙን በእጇ እንደ ጭቃ መለጠፍ ስትጀምር ለዓመታት ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። አሁን ሥዕሎቿ አንድ ትልቅ አዳራሽ ሞልተዋል፤ እኔና እማዬም ልናያቸው መጣን።

ግድግዳው ላይ ያለው ግን እንደ ካርዱ አይደለም። ዐይኖቼ ጉንጬ ላይ ወርደዋል። የሆነ ነገር ልናገር ያልኩ ይመስል አፌ ተከፍቷል። እማዬ እጄን ጭምቅ አደረገችው።

የአዳራሹ ኃላፊ "የደረቀው ላዩ ብቻ ነው" አላት። "ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። እሷም ታውቅ ነበር። አግድም ካስተኛነው ይቆማል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?"

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። "ፊቱ ያንተ ነው፤ አንተ ተናገር።"

ጠጋ ብዬ አገጩን በጣቴ ነካሁት። እንደ ሰው ቆዳ ይለሰልሳል። የሳሎኑ ሥዕል ድሮ ደርቋል፤ ይሄኛውን ግን እጇ ገና ያልለቀቀው ይመስላል።

"ተሰቅሎ ይቆይ" አልኩ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትህን ሳምልኝ፤ የክፍላችንን ልጆችም ሰላም በልልኝ። ካርዱን እንዳትጥለው፤ ዐይኖቼ የት እንደነበሩ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው።