አዳራሹን ከውጭ የሚያውቅ ሰው

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

የጎረቤቴን ቀሚስ ጨረስኩ። ክንዱ ላይ አስቸገረኝ። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከእግሬ ሥር አይጠፋም፤ መቀሴን የት እንዳስቀመጥኩ የሚነግረኝ እሱ ሆኗል። ልጃችን ደወለች። "እማዬ፣ ለምን ከተማ ወርዳችሁ ሁለት ቀን አትዝናኑም?" ለምንስ አንሄድም?

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ወሰንኩ። የሙዚቃ ጉዞ ነው የሚሆነው። ያን ሁሉ ዘመን እሱ የሙዚቃ ባንድ አውቶቡስ እየነዳ በየሳምንቱ ከተማ ዓለሙን ሲቀጭ፣ እኔ እዚህ ከልጅና ከመርፌ ጋር... አሁን ተራው የኔ ነው። መጀመሪያ የዘፈን ሸክላ የሚሸጥበት አሮጌው ሸክላ ቤት። ከዚያ የባንዱ ዘፈኖች የተቀረጹበት ስቱዲዮ። ማታ ባንዱ የሚጫወትበት ትልቁ አዳራሽ።

እሑድ፣ የካቲት 8

እራት ላይ ዕቅዴን ነገርኩት። ሸክላ ቤቱስ? "እዚያ ማቆሚያ የለም።" ስቱዲዮው? "መታጠፊያው ጠባብ ነው፣ መስታወት ያስገጫል።" አዳራሹ ስል ፊቱ በራ። "ከኋላ በር በኩል አንድ ዛፍ አለ... ጥላው ልዩ ነው።"

"ስለ ዛፉ ማን ጠየቀህ? ውስጡ እንዴት ነው?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ገብቼ አላውቅም።"

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። አውቶቡሱ ውስጥ የተጫዋቾቹ ቦርሳ አለ፣ ልብስ አለ፣ ትርፍ መሣሪያ አለ... ማን ይጠብቅ? እሱ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ?"

እኔ ደግሞ ስቀናበት፣ እየሰፋሁ በሆዴ ስሰድበው ኖሬ... አንጀቴን በላው።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ቅዳሜ ማታ ያው ባንድ እዚያው አዳራሽ ይጫወታል። ተጫዋቾቹ አዲስ ናቸው፣ ዘፈኖቹ የድሮዎቹ። አራተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ወንበር አስያዝኩ። ይህን ሰው ከጎኔ ሳላስቀምጠው አልሞትም። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቅር።

እሱ፦ "መኪናዋን ማን ያይልናል?"

አይ አንተ ሰው...

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ደረስን። ሸክላ ቤቱ ጫማ መሸጫ ሆኗል። እኔ ከፋኝ፤ እሱ ማቆሚያ በማግኘቱ ደስ ብሎታል። ስቱዲዮው በር ላይ ዘበኛው ፎቶ አነሳን። አሁን ቀሚሴን ልተኩስ። እሱስ አዳራሹ ይገባ ይሆን?

እሑድ፣ የካቲት 15

ገባ። በፊት ለፊቱ በር፣ ከረባቱን አስሮ፣ ክንዴን ይዞ። ገና መጀመሪያው ዘፈን ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ "ይሄ ዘፈን ክላርኔት አለው እንዴ?" አለኝ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ግድግዳውን አልፎ የሚደርሰው ከበሮው ብቻ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔማ ኩሌ ወረደ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዕረፍት ሲሆን "አንዴ መኪናዋን ልይ" ብሎ ወጣ። መብራቱ ጠፋ፣ ዘፈኑ ጀመረ... የለም። ቆሽቴ አረረ። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ መጥቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

"ወንድሜ፣ ሰው አለው።"

"አውቃለሁ፣ እናቴ። ጋሼ ናቸው ግባ ያሉኝ። የባንዱ ሹፌር ነኝ... ገብቼ አላውቅም።"

ቦርሳዬን አንስቼ በኋላ በር ወጣሁ። የኔው ሰውዬ የባንዱ አውቶቡስ ውስጥ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ልጮህበት ነበር። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ።

"ሹፌሩን ዳቦ በደረቁ ሲገምጥ አገኘሁት። አላስችል አለኝ።"

ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዱም... ዱም... ዱም። ሌላ ምንም አይሰማም። ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀስሮ፣ "አሁን ክላርኔቱ ይገባል" አለኝ። "በል እንግዲህ፣ አንተ ንፋልኝ" አልኩት። በአፉ ነፋልኝ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ግን አዳራሹ ውስጥ ከጎኔ እስከ መጨረሻው አልተቀመጠም... እሱ ይቆጨኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ሥራ ተቆልሎ ጠበቀኝ። እሱ ጠዋት ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ለካ የሚቀጥለውን ወር ትርኢት እየጠየቀ ነው። ራሱ። ሁለት ወንበር አስያዘ።

"እንግዲያው ነዳጅ ሙላ" አልኩት።

"የለም። መኪናዋ እዚሁ ትቅር፣ በሕዝብ አውቶቡስ እንሄዳለን" አለ። "የምጠብቀው ነገር ካለ እወጣለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።"