ምንም ያልቆረጥኩበት ቀን

ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ቀን

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ደረጃ ላይ ማስቸገሩን አልተወም፤ እኔም መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ቤቱን ሙሉ መፈለጌን አልተውኩም።

የሠራሽው ፊልም ከደረሰን ወር አልፎታል። ዝም ያልኩሽ ተቀይሜ መስሎሽ ከሆነ አልተሳሳትሽም። መጀመሪያ ብቻዬን ነበር ያየሁት። ነገሩ ሁሉ በእናትየዋ ዓይን ነው፤ የአባትየው ፊት እንኳ አይታይም። ጫማው ይገባል፣ ድምፁ «ራት አልደረሰም?» ይላል፣ ጫማው ይወጣል። «ስንት ለፍቼ ያሳደግኳት ልጅ ጫማ አድርጋኝ አረፈች!» ብዬ፣ ለእናትሽ ሳላሳያት መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ሳለሁ ለምን «መቀሱ» ይሉኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። ሴቶች ብቻቸውን ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ቦታ ሲደርስ ተመልካቹ ያፏጫል፤ እኔም አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ያንን ቆርጬ አወጣዋለሁ። ታሪኩ የሚጎድል አይመስለኝም ነበር። አንቺ ቁርጥራጩን ከወለል ለቅመሽ፣ በመስኮቱ ብርሃን እያየሽ «አባዬ፣ እነዚህ ሴቶች ምን እያሉ ነው?» ትዪኝ ነበር። «ምንም» እልሻለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለፈው ቅዳሜ እናትሽ ቁልፉን አገኘችው። «ልጄ የላከችልኝን የምትቆልፍብኝ አንተ ማን ነህ?» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። ሴትየዋ ለእህቷ «ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር፣ ምን እንደማስብ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም» ስትል ዘወር ብዬ እናትሽን አየኋት። አላለቀሰችም። የምታውቀውን ነገር እንደሚነግሯት ሰው ራሷን ትነቀንቅ ነበር። እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር፣ ልጄ፤ የድሮ አመል። እጄን አነሳሁ።

ሲያልቅ «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» አልኳት።

«ዛሬ?» ብላ ሳቀች። «ዛሬ ደክሞኛል፤ ነገ ጠይቀኝ።»

በማግስቱ ጠየቅኳት። ከቁርስ እስከ ምሳ አወራች። ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ፣ አንቺን ይዛ ልትሄድ ሻንጣ አዘጋጅታ እንደነበር ነገረችኝ። ያን ሻንጣ አልጋ ሥር ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፤ አሮጌ ልብስ ነው እያልኩ። «ለምን ቀረሽ?» ብዬ ግን አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።

አሁን ያገኘሁትን ሁሉ «እየው» እላለሁ። ፀጉር አስተካካዬ «የሴት ፊልም ነው አሉ፤ ለሚስቴ እነግራታለሁ» ቢለኝ፣ «ሚስትህማ ታውቀዋለች፤ የማታውቀው አንተ ነህ» አልኩት። እንዲህ ያለውን ፊልም ሁሉም ማየት አለበት፤ አለዚያ ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ያረጃል። እኔ ለጥቂት ነው የተረፍኩት፣ ከተረፍኩ።

የልፋትሽን ፍሬ ያሳይሽ፤ የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ። የቀረውን ግማሽ ገጽ ለእናትሽ ትቼላታለሁ። የምትጽፈውን አላነብም፤ አልቆርጥምም።

አባትሽ፣ መቀሱ

ልጄ፣ ግማሽ ገጽ የት ይበቃኛል! ወረቀት ገዝቶ እንዲመጣ ልኬዋለሁ።

እናትሽ