ያልሰማሁት ፍሬን

ሶዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለውዷ ልጄ ለአባይነሽ ኤርካሎ
አዲስ አበባ፣ የነርሶች ትምህርት ቤት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የዳሞታ ተራራ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ጉሙን እስከ ግቢያችን ድረስ ያወርደዋል። እንሰቱ እስከ ወገቡ ጉም ውስጥ ቆሞ ስታዪው በውሃ ላይ የሚሄድ ይመስላል። እናትሽ ከጉሙ ትወጣለች፣ ተመልሳ ትገባበታለች። እኔ በር ላይ ተቀምጬ አያታለሁ፤ አሁን ጊዜ አለኝ። ጊዜውን ከየት እንዳገኘሁት ልነግርሽ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ነገሩ የተጀመረው በመኪናችን ፍሬን ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰው ጭኜ ወደ ቤሌ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ተክለጻድቅ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ "ኤርካሎ፣ ይህ ፍሬን ጆሯችንን በጠሰው እኮ። አትሠራውም?" አሉኝ።

"ሰምቼዋለሁ፤ ቅዳሜ እሠራዋለሁ" አልኳቸው።

አልሰማሁትም ነበር። የሞተሩን ድምፅ እሰማለሁ፣ የእሳቸውንም ወፍራም ድምፅ ሰምቻለሁ። ፍሬኑ ግን ለእኔ ዝም ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መንገድ ዳር ያሉትን አህዮች ማየት ጀመርኩ። ጆሯቸው ቀጥ ሲል ፍሬኑ እየጮኸ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቅዳሜ መኪናዋን ግቢ አስገብቼ የፊት ቀኙን ጎማ በክሪክ አነሳሁ። የፊት ቀኙን ያልኩት በግምት ነው፤ እናትሽን "የሚጮኸው የቱ ነው?" ብዬ መጠየቅ አልፈለግሁም። ከጎማው ሥር ያለውን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ አውልቄ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። ታምቡሩን ከውስጥ እየተጫነ የሚያቆመው ሸራ ደህና ነበር። መልሼ ገጥሜ እስከ ጸሎት ቤቱ ደርሼ ስመለስ፣ መንገድ ዳር ዱባ የሚሸጡት ሴቶች ሁሉ ባንድ ላይ ዞረው አዩኝ። አንዷ ጆሮዋን ይዛለች።

ግቢ ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁና መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እናትሽ መጥታ በመስኮቱ በኩል ቆመች።

"ፈጠነች" ብዬ በስሟ ጠራኋት፤ "እኔ ፍሬኑን አልሰማውም።"

"አውቃለሁ" አለችኝ፤ ከንፈሯን እያየሁ ነው የገባኝ። "ወፎቹንም አትሰማም። ከጊፋታ በፊት ጀምሮ አውቃለሁ። እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅሁት።"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በእጇ ያዘችና ከቤታችን በታች ወዳለው ሜዳ ወረደች። "ቀስ ብለህ ንዳ። ሲጮህ ነጠላዬን አነሳዋለሁ" አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

ያን ቀን ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አልተነሳም። ሳሩ ላይ በሰው እርምጃ ልክ ነዳሁ፤ እሷ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ አብራኝ ትሄዳለች። ፍሬን ስይዝ ነጠላዋ ይነሳል፣ ስለቅ ይወርዳል። ያልሰማሁትን ድምፅ አየሁት፣ ልጄ። ነጭ ነው፤ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይተኛል። ያኔ ልብ ብዬ ስጠብቅ፣ ነጠላው በተነሳ ቁጥር ፔዳሉ ከእግሬ ሥር በስሱ ይንቀጠቀጣል። ሜዳው ጫፍ የለውም፣ ሰማይም መሬትም አንድ ሆኗል፣ እናትሽ ብቻ አለች። በሕልሜ የምነዳ መሰለኝ። የትኛው ጎማ እንደሆነ ካወቀች በኋላም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለት ዙር ጨመርኩ።

በመጨረሻ የኋላ ግራውን ጎማ በመዳፏ መታ መታ አደረገችልኝ።

ታምቡሩ ሲወልቅ ጥቁር ዱቄት ረገፈ። ሸራው ገና ውፍረት አለው፤ ፊቱ ግን እንደ መስታወት ለስልሶ ያብለጨልጫል። የሚያስጮኸው ይኸው ነበር። በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ፈተግሁት፣ ስለታም ጠርዙን በሞረድ ሰበር አደረግሁት፣ ሸራውን ወደ ቦታው የሚስበውን የላላ ሞላ ቀየርኩት። ብረት ከብረት የሚነካካበት ቦታ ላይ በጣቴ ጫፍ ግራሶ ቀባሁ፤ ሸራው ላይ ጠብ ካለ ፍሬኑ አይይዝም። ከዚያ ሜዳው ላይ ደጋግሜ ፍሬን ያዝኩ። ነጠላው አልተነሳም።

እጄን ስታጠብ እናትሽ ውሃ እያፈሰሰችልኝ፣ "ፍሬኑስ ተሠራ። አንተስ?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳት። አንድ ቀን በዴሳ ገበያ ላይ መኪናዋን ወደ ኋላ ስመልስ፣ እንስራ ያዘለች ሴት ከኋላዬ ነበረች። ጮኻለች አሉ። የእህል ነጋዴው ዳልጮ የመኪናዋን በር በጡጫ ባይደበድበው ኖሮ እገጫት ነበር። ወርጄ ሳያት አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። እኔ ይቅርታ እያልኩ፣ የምትለኝን ሳላውቅ ተለያየን።

እናትሽ ማፍሰሷን አቆመች። "ቁልፉን ስጠኝ" አለች። ሰጠኋት።

ካለፈው ሰኞ ጀምሮ መኪናዋን የሚነዳት አጎትሽ ጩማ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከግቢ ስትወጣ ፊቴን ወደ እንሰቱ አዞርኩ። አሁን ትንሽ ለምጄዋለሁ። ትናንት አንድ ሾፌር የሚጮህ ፍሬን ይዞ መጣ፤ እናትሽ አዳመጠች፣ እኔ ፈታሁ። እዚህ ሶዶ ያለው ሐኪምም ጆሮዬን አይቶታል፤ ሕመምም የለው፣ መድኃኒትም የለው። ስለዚህ በእኔ ምክንያት ትምህርትሽን ጥለሽ እንዳትመጪ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። መስከረም ላይ አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ብቅ ብለሽ የሆነ ነገር ብለሽኝ ነበር። ታለቅሺ ስለነበር ከከንፈርሽ ላይ መያዝ አቃተኝ። ዝም ብዬ "እሺ" አልኩሽ፤ አንቺም ፈገግ አልሽ። ምን እንዳልሽ እናትሽን ብጠይቃት፣ "እሷው ትንገርህ" አለችኝ። እባክሽ ጻፊልኝ። ምንም ይሁን ምን፣ ልጄ፣ እሺ ያልኩት እሺ ነው።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን፤ ጌታ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። እናትሽ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማለች።

አባትሽ
ኤርካሎ ሶርሳ