እማዬ ሁሉንም ታውቅ ነበር

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድም ዓለሜ፤ እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያሸክሙህ ይውላሉ? ባለቤትህና ልጅህስ እንዴት ናቸው? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ስል እጄ እንቢ አለኝ። ቆመን እንሄዳለን፤ ከዚህ በላይ አልልህም።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርህ። የእማዬ ካንሰር ከጡቷ አልፎ ጉበቷ ገብቷል። ሐኪሙ እኔንና አባባን ለብቻ ጠርቶ፣ «ከእንግዲህ የምናክመው በሽታውን ሳይሆን ሥቃዩን ነው» አለን። አባባ ለእሷ ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። «ጨጓራሽ ትንሽ ተቆጥቶ ነው» አልናት። «እሺ» አለች።

ለሥቃዩ የሚጠጣ ሞርፊን ሰጥተውን ነበር። አባባ ስሙን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። «እሱን ከሰጠናት ተስፋ ቆረጥን ማለት ነው» ብሎ ጠርሙሱን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለው። እማዬ ማቃሰት ስትጀምር ልብስ ስፌት መኪናው ላይ ይቀመጥና ጨርቅ ሳያስገባ ይረግጠዋል። ቤቱ በመኪናው ድምፅ ሲሞላ የእሷ አይሰማውም። እሷ የትራሷን ጫፍ ነክሳ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። እኔ መሀል ላይ ቆሜ መግቢያው ጠፋኝ።

ባለፈው ሳምንት ግን ቤት ለቤት እየዞረች ታማሚ የምትረዳዋን ሲስተር ጠራኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና፣ የመድኃኒቱን ነገር ሳታነሳ፣ «እማማ፣ ከሁሉ የሚከብድዎ ምንድን ነው?» አለቻት። እማዬ ዞር ብላ አየችን። «በሽታዬንማ ከነሱ ቀድሜ ነው ያወቅኩት። የከበደኝ፣ እንዳላውቅ ሲለፉ ማየት ነው» አለች። አባባ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወዳለው ጠርሙስ ቀና አለ።

ሲስተሯ መድኃኒቱ በልኩ ከተወሰደ ሥቃይ እንደሚያስታግስ እንጂ እንደማይገድል ቀስ አድርጋ አስረዳችው። እሱ ደግሞ «ሱስ ያስይዛል» ብሎ ተከራከረ። ያኔ እማዬ፣ «በዚህ ዕድሜዬ ሱሰኛ ብሆን ምን እንዳልሆን ነው? ከሰፈር ዱርዬ ጋር መንገድ ዳር እንዳልቆም?» አለችው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅን። አባባ ተነሥቶ ጠርሙሱን አወረደ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ ሲዞር ፊቱ በእንባ ርሷል። በገዛ እጁ ለክቶ አጠጣት። አመሻሽ ላይ ትራሱን ለቃ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ «ፀጉሬን አበጥሪልኝ» አለችኝ።

ሲስተሯ አሁንም ትመጣለች፤ ለእማዬ ብቻም አይደለም። አባባን ደጅ ይዛው ትወጣና ያወራሉ። ምን እንደሚባባሉ አላውቅም። ሲመለስ ግን እማዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ እጇን ይይዛል።

ድናለች ማለቴ ግን አይደለም ወንድሜ፤ እንዳትሳሳት። ሰውነቷ ከቀን ወደ ቀን እየመነመነ ነው። «ትልቅ ሆስፒታል ወዳለበት ልውሰዳት» ያልከውን ነገርኳት። «ከአልጋ መውረድ ያቃተኝን አውሮፕላን ላይ ሊሰቅለኝ?» አለች። ስትደውል «ትድኛለሽ» አትበላት። ስለ ሥራህ፣ ስለ ልጅህ አዲስ ጥርስ አውራት። ልቅሶ ከመጣብህም አልቅስ፤ እሷ ታባብልሃለች።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ የልጅህን ጉንጭ ሳምልኝ። አባባ ብዙ ብዙ ሰላም ብሎሃል። ጎረቤታችን ባለሱቋም በየቀኑ ትጠይቅሃለች። እማዬን «ሰላምታሽን ልጻፍለት?» ስላት፣ «ሰላምታው ይቆየው። ለለቅሶዬ ከሚመጣ ለጨዋታ ይምጣልኝ» አለች።

ታናሽ እህትህ
ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ ግንቦት 9 ቀን