ስለ አባቴ ልብና ስለ አንድ ፔርሙስ ቁጢ

ለተከበሩ የልብ ምርመራ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የእርስዎ ልብ ያለ ቀጠሮ እንዲሠራ፣ ደምዎም መንገዱን እንዳያጣ ከጭሮ እመኛለሁ። እኔ የአቶ ቢቂላ ልጅ የሺሐረግ ነኝ። በስሜ ባያስታውሱኝ በፔርሙሴ ያስታውሱኛል።

አባቴን ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ጭምድድ ስለሚያደርጋቸው፣ የትኛው የልባቸው ክፍል ደም እንደሚያጥረው በጨረር ካሜራ እንዲታይ ወደ እናንተ ተላክን። ጉልበታቸው ልብ በሚፈተንበት የመሮጫ ማሽን ላይ ስለማያስኬዳቸው የልብን ደም ሥር የሚከፍት መድኃኒት በመርፌ እንደሚሰጣቸው፣ ቡና ደግሞ ይህን መድኃኒት እንደሚያከሽፈው ተነገረን። ለማብራሪያው ምስጋናዬ የላቀ ሆኖ፣ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሰጣችሁን ወረቀት ቡና፣ ሻይ፣ ኮካና ቸኮሌት ይከለክላል። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመቻራ ቡና ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቸኮሌት ግን ቀምሰው ስለማያውቁ በዚያ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ። የሐረርጌ ሰው የቡናውን ቅጠል አፍልቶ፣ ወተት ጨምሮ፣ ቁጢ ብሎ እንደሚጠጣው ግን ለወረቀቱ ጸሐፊ የነገረው አልነበረም። ለእኛ ቁጢ ቡና አይደለም፤ ቁጢ ቁጢ ነው።

ሁለተኛ፣ ነርሷ ቡና ጠጥተው እንደሆነ ስትጠይቃቸው አባቴ አልጠጣሁም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ምግብ ስለተከለከሉ ጉሮሯቸውን እንዲያርስ ብዬ፣ ከጭሮ በያዝኩት ቅጠል ያፈላሁትን ቁጢ ያን ዕለት ጠዋት ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። ሰው ቆሞ እያየ ፔርሙስ መክደን በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ለነርሷም ቀዳሁላት። ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ በኩራት አስረዳኋት፤ ምርመራውም ወዲያው ቆመ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ባትጠይቀኝ ኖሮ ካሜራው የታመመውን ልብ ደኅና ነው ብሎ ሊሸኘን ይችል ነበር። ይህቺን ምስጋና ያለ ሽሙጥ ያድርሱልኝ።

ሦስተኛ፣ ቁጢው በአንድ ቀን ከሰውነት እንደሚወጣ የነገሩን እርስዎ ራስዎ ሲሆኑ፣ አዲሱን ቀጠሮ ከአራት ወር በኋላ ያደረጉትም እርስዎ ነዎት። ለካሜራው የሚያስፈልገው ጨረር ያለው መድኃኒት በአውሮፕላን እንደሚመጣ፣ ወረፋውም ረጅም እንደሆነ በትዕግሥት አስረድተውናል። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ቅጣቱ የአባቴ መሆኑ ብቻ ከነከነኝ።

አሁን ከገበያ ሲመለሱ በሩን ይዘው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አያለሁ። በገዛ እጄ የቀዳሁት ስኒ ነው፤ ጸጸቱ እህል አላስበላ ብሎኛል። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ ከወረፋው የሚቀር ታማሚ ሲኖር እንዲደውሉልን፣ በወረቀቱም ላይ ቁጢ የምትል ቃል እንዲጨምሩ እለምናለሁ። ከገለምሶ አባቷን ይዛ የምትመጣ ሌላ ልጅ አትጠፋም።

በትዕግሥቷ ሳይሆን በአማራጭ ማጣቷ ደጅዎን የምትጠና፣
የሺሐረግ ቢቂላ
ጭሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጎረቤታችን አቶ አብዱልቃዲር ሊጠይቁን ሲመጡ አባቴ ማሽኑ ተበላሽቶ ተመለስን አሏቸው። እነሆ ከተማው በሙሉ ማሽናችሁን ያማል፤ ስለ ስሙ መጥፋት ይቅርታ እጠይቃለሁ። አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን የዋሹት እኔን ለመሸፈን ነው። ቀጠሮው ሳይደርስ አንድ ነገር ቢሆኑና ለቅሶ የመጣ ሰው ምን ሆነው ነው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ያን ጊዜ የሚዋሽልኝ የለም።